ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቀዝቃዛ ወንዝና የሠራተኞች ክበብ

የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ የምትከታተሉ ወዳጆቼ አንድ ነገር ሳታስተውሉ አልቀራችሁም። በኅዳርም ሆነ በታኅሣሥ ቅዳሜ ማታ 12 ሰዓት ሲሆን ብዙ ጨዋታዎች በአንድ ጊዜ ይጀመራሉ። ለእነሱ ያ ሰዓት የቀኑ 9 ሰዓት ነው። ግን ለምን 9 ሰዓት? ለምንስ ቅዳሜ? መልሱን ኳስ ሜዳ ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም። መልሱ ያለው ፋብሪካ ውስጥ ነው።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ግን ስለ ኳስ አይደለም። ያው ቅዳሜ ያሳደገው ሌላ ውድድር አለ። ቴሌቪዥን ብዙም አያሳየውም፣ ደጋፊም አይጮህለትም። ተወዳዳሪዎቹ በዚያ ብርድ ወንዝ ዳር ተደርድረው አምስት ሰዓት ሙሉ ውሃ ላይ ያፈጣሉ። የዓሣ ማጥመድ ግጥሚያ ነው። «ይኼ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» እንዳትሉኝ። ታሪኩ የዕረፍት ሰዓት እንዴት እንደተገኘ፣ ወንዝ የማን እንደሆነና ተራ ሰው ሲደራጅ ምን ማድረግ እንደሚችል የሚያሳይ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። «የብርድ ወራት» የምለውም ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን ነው፣ የእኛን ሐምሌ አታስቡ።)

1. ሰዓቱ ከየት መጣ?

የኢንዱስትሪ አብዮትን ስናስተምር ስለ ማሽን ብዙ እንላለን። የጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተር፣ የጥጥ መፍተያው፣ የድንጋይ ከሰሉ፣ ባቡሩ። ተማሪው ይሸመድዳል፣ ይፈተናል፣ ያልፋል። ማሽኑ ሲቆም ሠራተኛው የት እንደሚሄድ ግን አንጠይቅም።

ማሽኑ ደግሞ በቀላሉ አይቆምም ነበር። ከፋብሪካ በፊት የእጅ ባለሙያው ሰዓቱን በራሱ ያዝ ነበር። በሼፊልድ ከተማ ቢላዋና መቀስ የሚሠሩት ባለሙያዎች እሑድ ጠጥተው ሰኞን ጭምር ያርፉ ነበር። ቀኑንም በቀልድ «ቅዱስ ሰኞ» ይሉት ነበር። በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ የሌለ ቅዱስ ማለት ነው! የጎደለውን ሥራ ከማክሰኞ ጀምረው ሌሊት ሁሉ ሠርተው ያካክሱታል። የፋብሪካ ጌቶች ይህን ልማድ ጠሉት። አንድ ሰው ሲቀር አንድ ማሽን ይቆማል፣ አንድ ማሽን ሲቆም ብር ይባክናል።

ትግሉ ረጅም ነው፣ አሳጥሬ ልንገራችሁ። በ1850 የወጣው የፋብሪካ ሕግ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያሉ ሴቶችና ወጣቶች ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ እንዳይሠሩ ከለከለ። ሕጉ ስለ አዋቂ ወንዶች አይናገርም። ነገር ግን ሴቱና ልጁ ከወጣ ፋብሪካው በወንዶቹ ብቻ አይዞርም፣ ስለዚህ ሁሉም ወጣ። በቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት ልማዱ ወደ ሌሎች ሙያዎችም ተዛመተ። በ1871 ደግሞ የባንክ በዓላት ሕግ ወጣና ተጨማሪ የዕረፍት ቀናት ተገኙ። ሰኞ ቀስ በቀስ ጠፋ፣ ቅዳሜ ከሰዓት መጣ። አሁን 9 ሰዓት ለምን እንደሆነ ገባችሁ? 8 ሰዓት ከሥራ ይወጣል፣ ይታጠባል፣ አንድ ነገር ይቀምሳል፣ 9 ሰዓት ሜዳ ይገኛል።

ሼፊልድ በዓለም አንጋፋው የእግር ኳስ ክለብ በ1857 የተቋቋመባት ከተማ ናት። ይኼን ብዙዎቻችን እናውቃለን። የማይወራው ግን ከተማዋ የዓሣ አጥማጆችም ዋና ከተማ መሆኗ ነው። የሚገርመው ነገር ከተማዋን ሰንጥቆ የሚያልፈው ዶን ወንዝ ራሱ በብረትና በቆሻሻ ሞቶ ነበር። ዓሣ የሌለው ወንዝ ዳር የሚኖር ሕዝብ እንዴት አጥማጅ ይሆናል?

2. ባቡሩና መጠጥ ቤቱ

መልሱ ባቡር ነው። የባቡር ኩባንያዎች ለዕረፍት ቀን ርካሽ ቲኬት መሸጥ ጀመሩ፤ ለአጥማጆች ብቻ የተዘጋጀ ባቡርም ይነሳ ነበር። የሼፊልድ ብረት ሠራተኛ ቅርጫቱንና ዘንጉን ይዞ ይሳፈራል፣ ወደ ምሥራቅ ወደ ሊንከንሸር ሜዳማ አገር ይሄዳል። በዚያ ዊታም የሚባል ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ዝግ ብሎ የሚፈስ ወንዝ አለ። መቶዎች በአንድ መስመር ተደርድረው የሚቀመጡበት ወንዝ ነው። ቦታው ራሱ «ተወዳደሩ» የሚል ይመስላል።

አደራጁ ደግሞ መጠጥ ቤቱ ነበር። ነገሩን ዕቁብና ዕድር ለምናውቅ ለእኛ ማስረዳት ቀላል ነው። የአንድ ሰፈር ሠራተኞች በአንድ መጠጥ ቤት ይሰበሰባሉ፣ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ፣ በየጊዜው ጥቂት ሳንቲም ያዋጣሉ። ከመዋጮው ለሽልማት ይወጣል፣ ለውሃ ኪራይ ይከፈላል፤ አንዳንዱ ክበብ ለታመመና ሐዘን ለደረሰበት አባልም ያዋጣ ነበር። «ለውሃ ኪራይ» ያልኩትን ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስበታለን። ትናንሾቹ ክበቦች ተጠራቅመው የከተማ ማኅበር ሆኑ፤ የከተማ ማኅበራቱ ደግሞ በ1903 ብሔራዊ ፌዴሬሽን መሠረቱ። የመጀመሪያው አገር አቀፍ ውድድር በ1906 በቴምዝ ወንዝ ላይ ተካሄደ።

ክበቦቹ ፍጹም ነበሩ ልል አይደለም። በአብዛኛው የወንዶች ዓለም ነበሩ። ባል ወንዝ ዳር ሲውል ሚስት ልብስ ታጥባለች። ቁማሩም ነበር፤ ወንዝ ዳር ተገኝቶ ውርርድ የሚቀበል ሰው አይጠፋም። የተገኘው የዕረፍት ሰዓት ለሁሉም እኩል አልተከፋፈለም። ይኼንንም ታሪክ ይመዘግበዋል።

3. ዓሣም መደብ አለው

እንግሊዞች መደብ ሲወዱ ዓሣውን ሳይቀር ለሁለት ከፈሉት። ሳልመንና ትራውት «የአደን ዓሣ» ተባሉ። በሰሜንና በምዕራብ ባሉ ፈጣንና ንጹሕ ወንዞች ይኖራሉ፣ ወንዙም ዳርቻውም የባለ ርስት ነው፤ ለማጥመድ ገንዘብና ዘመድ ያስፈልጋል። የቀሩት እንደ ሮች፣ ብሪም፣ ፐርች፣ ፓይክ ያሉት ደግሞ «ኮርስ» ዓሣ ተባሉ። ቃሉ ሻካራ፣ ተራ እንደ ማለት ነው። በዝግተኛ ወንዝ፣ በኩሬ፣ ለከሰል ማጓጓዣ በተቆፈረ ቦይ ውስጥ ሳይቀር ይኖራሉ። ሠራተኛው የደረሰው እነዚህ ላይ ነበር።

እዚህ ላይ ተፈጥሮ ራሷ ጣልቃ ገባች። ሳልመንና ትራውት እንቁላላቸውን የሚጥሉት በበልጋቸውና በብርዱ መጀመሪያ ስለሆነ በብርድ ወራት ማጥመዳቸው ይከለከላል። ተራዎቹ ዓሦች ግን የሚራቡት በፀደይና በበጋቸው መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ጌታው ዘንጉን ሰቅሎ እሳት ሲሞቅ ብርዱ ለሠራተኛው ቀረለት። ዝናብ፣ በረዶና ንፋስ ያለበት ወቅት ነው፣ ግን የራሱ ነው።

ለእነዚህ ተራ ዓሦች ሕግ የወጣላቸውም በሠራተኛው ግፊት ነው። ሳልመን በ1861 በፓርላማ ሕግ ጥበቃ ሲያገኝ ሌላውን ዓሣ ማንም አላሰበውም። በ1878 አንቶኒ ጆን ሙንዴላ የተባለ የፓርላማ አባል ሕግ አስወጣ፤ ተራዎቹ ዓሦች እንቁላል በሚጥሉበት ጊዜ፣ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሰኔ አጋማሽ (በእነሱ ከማርች 15 እስከ ጁን 15)፣ እንዳይጠመዱ አዘዘ። ሕጉን እስከ ዛሬ በስሙ «የሙንዴላ ሕግ» የሚሉት አሉ። ሰውዬው የማን ተወካይ ነበር? የሼፊልድ! ልብ በሉ፣ ይህ ክልከላ በአጥማጆች ላይ ከላይ የተጫነ አይደለም። ራሳቸው ጠይቀው ራሳቸውን የከለከሉበት ነው። በ1995 በአብዛኛው ኩሬና ሐይቅ፣ በ2000 ደግሞ በአብዛኛው ቦይ ላይ ተነሣ። በወንዞች ላይ ግን ዛሬም ይሠራል።

4. የብርድ ወራት ግጥሚያ እንዴት ነው?

አሁን ወንዝ ዳር እንውረድ። ከውድድሩ በፊት ዳኞች በወንዙ ዳር በእኩል ርቀት ችካል ይተክላሉ፣ ችካሉ ቁጥር አለው። ተወዳዳሪዎች ጠዋት ተሰብስበው ከከረጢት ውስጥ ዕጣ ያወጣሉ። የወጣልህ ቁጥር ቦታህ ነው፣ አለቀ። ፎርማንም ሁን ጠራጊ፣ ክፉ ቦታ ከወጣልህ ክፉ ቦታ ላይ ትቀመጣለህ። በደቡብ፣ በለንደን አካባቢ ግን እየተዘዋወሩ ቦታ የመምረጥ ልማድ ለረጅም ጊዜ ነበር። የችካልና የዕጣው ሥርዓት የሰሜኑ የሠራተኛ ከተሞች ወግ ነው። ዕጣ ማለት ለእነሱ ፍትሕ ነበር።

ፊሽካ ሲነፋ ይጀመራል። አብዛኛውን ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ ብርሃኑም አይበቃም። የተያዘው ዓሣ አይገደልም፤ ውሃ ውስጥ በተዘረጋ ረጅም መረብ ይቆያል። ፊሽካው ሲደገም መዛኞች ሚዛን ይዘው ከችካል ችካል ይሄዳሉ፣ ክብደቱ ይጻፋል፣ ዓሣው በሕይወት ወደ ወንዙ ይመለሳል። በጥንቱ ጊዜ እንዲህ አልነበረም፤ የሞተ ዓሣ ተሸክመው መጠጥ ቤት ወስደው ይመዝኑ ነበር። ሕይወቱን ማዳን የኋላ ዘመን ጥበብ ነው።

በብርድ ወራት ይህ ሁሉ ሌላ ጨዋታ ይሆናል። ሳይንሱ እንዲህ ነው። ዓሣ የራሱን ሙቀት አይጠብቅም፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ እሱም ይቀዘቅዛል። ሰውነቱ ዝግ ይላል፣ የሚበላውም እጅግ ያንሳል። ውሃ ደግሞ በጣም የሚከብደው 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው፤ ስለዚህ ኩሬና ቦይ ላይ ከላይ በረዶ ቢጋገርም ከታች ጥልቁ 4 ዲግሪ ላይ ሊቆይ ይችላል። ዓሣው እዚያ ተሰብስቦ ይጠብቃል። በበጋ በእፍኝ እየበተንክ የምትጠራውን ዓሣ በብርድ እንዲያ ካደረግክ አጠገብከውና ተሸነፍክ። አራት አምስት የዝንብ ትል ብቻ ጣል ታደርጋለህ፣ ትጠብቃለህ። ክሩ ቀጭን፣ መንጠቆው ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ነው። ጣት ደንዝዞ ያንን መንጠቆ መያዝ ራሱ ሙያ ነው።

ስለዚህ በብርድ ወራት፣ በተለይ ቦይ ላይ፣ ድል የሚለካው በኪሎ አይደለም። እነሱ በአውንስና በድራም ይመዝናሉ። አንድ አውንስ 28 ግራም ገደማ ነው፤ የአውንስ አንድ አሥራ ስድስተኛ ደግሞ ድራም ይባላል፣ ሁለት ግራም እንኳ አይሞላም። አምስት ሰዓት በብርድ ተቀምጠህ በአንድ ድራም ልትሸነፍ ትችላለህ! ደግሞም ምንም ሳይዝ መረቡን ደረቁን ይዞ የሚመለስ ብዙ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ይመለሳል። ምክንያቱም ነጥቡ የቡድን ነው፤ የእሱ አንዲት ጣት የምታህል ዓሣ ክበቡን ልታሻግር ትችላለች።

ከገና በፊት ደግሞ ልዩ ግጥሚያ አለ፣ ስሙ «ፀጉርና ላባ» ነው። ሽልማቱ ዋንጫ ሳይሆን የገና ቀለብ ነበር፤ ጥንቸል፣ ዝይ፣ ቱርክ፣ አንዳንዴም ጠርሙስ። ፀጉሩም ላባውም ከዚያ የመጣ ነው። ዛሬ ዛሬ ሽልማቱ ከሱፐርማርኬት ቢመጣም ስሙ አልተለወጠም። ብዙ ክበቦች አሁንም ያካሂዱታል።

ከእነዚህ ክበቦች የዓለም ሻምፒዮናም ወጥቷል። የኮቨንትሪው ቢሊ ሌን በ1963 የዓለም ሻምፒዮን የሆነ የመጀመሪያው እንግሊዛዊ ነው። ቦብ ነድ ደግሞ ከ1990 እስከ 1999 ባለው ጊዜ አራት ጊዜ አሸንፏል።

5. ክበቡ ፍርድ ቤት ሲቆም

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ «የውሃ ኪራይ» እንመለስ። በእንግሊዝ ሕግ የሚፈሰው ውሃ የማንም ንብረት አይደለም። ዓሣ የማጥመድ መብት ግን ንብረት ነው፤ ይሸጣል፣ ይከራያል፣ ይወረሳል። የዳርቻው ባለቤትም ወንዙ በተፈጥሮ ጥራቱና በተፈጥሮ ሙቀቱ እንዲደርሰው መብት አለው። ይህ ሕግ የተሠራው ለባለ ርስቶች ነበር። የሠራተኞች ክበብ ሳንቲም አጠራቅሞ የማጥመድ መብት ሲገዛ ግን ያ የጌቶች ሕግ የእሱም መሣሪያ ሆነ።

በደርቢ ከተማ አቅራቢያ ደርወንት የሚባል ወንዝ አለ፣ የትሬንት ወንዝ ገባር ነው። «የደርቢ ኩራት» የሚባል የአጥማጆች ማኅበር እዚያ የማጥመድ መብት ነበረው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ በኋላ ወንዙ እየሞተ መጣ። በአንድ በኩል ብሪቲሽ ሴላኒዝ የተባለው የሰው ሠራሽ ጨርቅ ፋብሪካ ፍሳሽና ሙቅ ውሃ ይለቃል። በሌላ በኩል የከተማው አስተዳደር በቅጡ ያልተጣራ የሽንት ቤት ፍሳሽ ይለቃል። የመንግሥት የኤሌክትሪክ ባለሥልጣን ደግሞ ከማመንጫው ሙቅ ውሃ ይለቃል። ሙቅ ውሃ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ብዙ ኦክስጅን መያዝ ስለማይችል ፍሳሹ ሲጨመርበት ዓሣው ይታፈናል።

እስቲ ሚዛኑን እዩት። በአንድ ወገን ትልቅ ኩባንያ፣ ከተማና መንግሥት፤ በሌላ ወገን የአጥማጆች ማኅበር። ማኅበሩ ግን ብቻውን አልነበረም። የወንዙ ዳር ባለ ርስት የሆነው የሃሪንግተን ኧርል አብሮ ከሳሽ ሆነ። በ1948 ጆን ኢስትዉድ የተባለ የሕግ ባለሙያ የመሠረተው የአጥማጆች የኅብረት ማኅበርም ነበር፤ ሥራው አንድ ነበር፣ ወንዝ የሚበክሉትን መክሰስ።

የከተማው መከራከሪያ ለእኛም ጆሮ አዲስ አይደለም። «የፍሳሽ ማጣሪያው ሲሠራ በቂ ነበር፤ ሕዝቡ በዛ እንጂ እኛ ምን አጠፋን? ከተፈለገም ካሳ እንክፈል» ነው ነገሩ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለም። ይግባኝ ሰሚው ችሎትም፣ ታዋቂው ዳኛ ዴኒንግ የተቀመጡበት፣ ውሳኔውን አጸና። ካሳ ብቻ ከሆነ ባለ ገንዘብ ሁሉ የመበከል ፈቃድ እየገዛ ይኖራል። ስለዚህ ብክለቱን አቁሙ የሚል ትእዛዝ ተሰጠ፤ ለማስተካከያ የሚሆን ጊዜም ተፈቀደ። በ1953 የሕግ መዝገብ ላይ የታተመው ይህ ጉዳይ እስከ ዛሬ የሕግ ተማሪዎች ይማሩታል። የሚያነቡት ስም ግን አሁንም የአንድ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ስም ነው።

6. ሙቁ ወንዝ፣ እርሳሱና ዛሬ

ታሪክ ግን ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። በትሬንት ወንዝ ዳር በከሰል የሚሠሩ ትልልቅ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ተደርድረው ነበር። ማቀዝቀዣ ውሃ ከወንዙ እየቀዱ ሞቅ አድርገው ይመልሱታል። በደርወንት ላይ ከቆሻሻ ጋር ተደርቦ ዓሣ የገደለው ሙቀት፣ ሰፊው ትሬንት ላይ በብርድ ወራት ዓሣው እንዲበላ አደረገው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ትሬንት ዝነኛ የብርድ ወራት የግጥሚያ ቦታ ሆነ። የመጨረሻው ማመንጫ፣ ራትክሊፍ፣ በመስከረም 30 ቀን 2024 (በእነሱ ሴፕቴምበር መሆኑ ነው) ተዘጋ። በብሪታንያ በከሰል ኤሌክትሪክ ማመንጨት በዚያ ቀን አበቃ። ለአየሩ ደግ ሆነ፤ የድሮ አጥማጆች ግን ያንን ሞቃት ወንዝ ሲያወሩ ዛሬም ይናፍቃሉ። ሰው ናቸውና።

ራሳቸው አጥማጆቹ ያጠፉትም አለ። ክር ላይ የሚያስሩት ትንንሽ የእርሳስ ክብደት ወንዝ ዳር ይወድቃል፣ ስዋን የሚባለው ትልቅ ነጭ ወፍ ከጠጠር ጋር ይውጠዋል፣ ተመርዞ ይሞታል። በ1987 አብዛኛው መጠን ያለው የእርሳስ ክብደት ተከለከለ። በሌላ ብረት ተተካ፣ ስዋኖቹም አገገሙ። ወንዝ ተበከለብን ያለ ሰው የራሱንም እጅ እንዲያይ ተገደደ።

በ2009 የድሮው ብሔራዊ ፌዴሬሽንና ሌሎች ማኅበራት ተዋሕደው አንድ ድርጅት ሆኑ። ኢስትዉድ የመሠረተው ከሳሽ ማኅበር ደግሞ ስሙን ለውጦ ክሱን ቀጥሏል። አያልቅበትም፤ በእንግሊዝ የፍሳሽ ውሃ በየወንዙ መለቀቁ ዛሬም ትልቅ የፖለቲካ ጭቅጭቅ ነው። ክበቦቹ ግን እየሳሱ ነው። ብዙ አጥማጅ ካርፕ የተሞላበት የግል ኩሬ ከፍሎ ማጥመድ ይመርጣል፤ መኪናውን አጠገቡ አቁሞ ብዙ ኪሎ ይዞ ይመለሳል። አይፈረድበትም። ነገር ግን ወንዙን በየሳምንቱ የሚያይ ዓይን ሲቀንስ ወንዙ ሲታመም ማን ቀድሞ ያውቃል?

እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ይህን ነው። ሠራተኛው መጀመሪያ ሰዓት አገኘ። ሰዓቱ ሰብሰብ አደረገው፣ መሰብሰቡ ሳንቲም አጠራቀመ፣ ሳንቲሙ መብት ገዛ፣ መብቱ ፍርድ ቤት አቆመው። አንዱን ቀለበት ብታወጡ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። «የዕረፍት ጊዜ ለሰነፍ ነው» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ደርወንትን ንገሩት። ያንን ወንዝ ያዳኑት በዕረፍት ቀናቸው ወንዝ ዳር የተቀመጡ ሰዎች ናቸው።

እስቲ እናንተም ጻፉልኝ። አያቶቻችሁና ወላጆቻችሁ ከሥራ ባረፉበት ቀን የት ይውሉ ነበር? ከማን ጋር? ዕድሩም፣ ጽዋ ማኅበሩም፣ የሰፈር ኳስ ቡድኑም ታሪክ ነው፤ ካልጻፍነው ይጠፋል። ኮሜንት ላይ የምታስቀምጡትን ሁሉ አነባለሁ።

መልካም ቅዳሜ!